ከጀማሪ ጋር አብሮ መማር ስላለው ጥቅም

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከትልቅ መጽሐፍ የተቀዳ አይደለም፤ ከጎረቤቴ ደጃፍ የመጣ ነው። ባለፈው እሑድ አንድ ጎረቤቴ በማለዳ ወደ ቤቴ መጣና ቡና እየጠጣን ሳለ ከኪሱ አንድ ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ በፊቴ አኖረው። «አንተ የመሥሪያ ቤት ሰው ነህ፤ የማመልከቻ አጻጻፍ ታውቃለህ፤ እባክህ ለልጄ ትምህርት ቤት አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ። ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፤ ልጁ በክፍሉ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ተማሪዎች አንዱ መሆኑን፤ ነገር ግን አስተማሪው በቅርቡ ከገጠር ከመጣና ትምህርቱ ገና ከሚከብደው ልጅ ጋር ባንድ ወንበር እንዳስቀመጠበት፤ ልጁም በየቀኑ ያን ባልንጀራውን ሲያስረዳ ጊዜው እንደሚያልቅ ነገረኝ። በመጨረሻም «እኔ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት የቀደሙትን እንዲከተል ነው እንጂ የቀሩትን እንዲጎትት አይደለም» ብሎ ቃሉን ፈጸመ።

ይህ ሰው እንዲህ ያለው ክፋት ኖሮበት አይደለም። እርሱ ራሱ በልጅነቱ የመማር ዕድል ያላገኘ፤ አሁንም ለልጁ ደብተርና መጽሐፍ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ከንጋት እስከ ምሽት የሚደክም አባት ነው። ስለዚህ የልጁን አንዲት ሰዓት እንደ ገንዘቡ ቢቆጥራት አይፈረድበትም። ነገሩንም ለማጽናት «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» የሚለውን ተረት ጀመረልኝ፤ ፍጻሜውን እናንተም ስለምታውቁት በዚህ በሬዲዮ ፊት አልደግመውም።

ብዕሬን አንሥቼ ማመልከቻውን ልጀምር አልሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። «የአንድ ሳምንት ጊዜ ስጠኝ፤ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልሁት። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጎረቤቴ የሚሆን መልስ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የእርሱ ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ፤ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ፤ በመኪና ጋራዥ ውስጥ «እኔ አልፌው ከመጣሁት ቦታ ገና ከሚጀምር ሰው ጋር ለምን እቀመጣለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተም አንድ ቀን እንዲህ ብለህ ይሆናል። እኔ ግን ብያለሁ፤ ይህንም በማለቴ የደረሰብኝን ልንገርህ።

አስቀድሞ ስለ ተረቱ አንድ ቃል ልናገር። አባቶቻችን ያን ተረት የተናገሩት ስለ ጠባይ ነው፤ ስለ ዕውቀት አይደለም። ስድብ ይጋባል፤ ስንፍና ይጋባል፤ ውሸትም ይጋባል። አለማወቅ ግን አይጋባም። የማባዛትን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ልጅ፤ ከማያውቅ ልጅ ጎን ስለ ተቀመጠ ብቻ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደ ሆነ አይረሳም። ይልቁንም ባልንጀራው «ሰባት ጊዜ ስምንት ለምን ሃምሳ ስድስት ሆነ?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአፉ ብቻ ይዞት የነበረውን ነገር በልቡ ለመያዝ ይገደዳል። የንግግሬ ሁሉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ፤ የሒሳብ አያያዝ ለመማር አስቤ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገብሁ። ለክፍሉ ከመጡት ተማሪዎች መካከል ባለ ሱቅ ነጋዴዎች፤ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት እናት፤ እንደኔ ያሉ ሁለት የመሥሪያ ቤት ወጣቶችና አንድ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ልብስ ሰፊ ነበሩበት። አስተማሪው የተማሪዎቹ ዕውቀት የተለያየ መሆኑን አይቶ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስለ ክፍልፋይ በማስተማር አሳለፈ። እኔም ይህን ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ያለፍሁት ስለ ሆነ እንደ ተዋረድሁ ቆጠርሁት። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ጋዜጣ ማንበብ ጀመርሁ። ልብስ ሰፊው የተቀመጡት ከአጠገቤ ነበር።

አንድ ምሽት አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳው ላይ «6 ለሦስት አራተኛ ሲካፈል ስንት ይሆናል?» ብሎ ጻፈ። እኔም ወዲያው ክፍልፋዩን ገልብጬ፤ 6ን በ4 አባዝቼ፤ ለ3 አካፍዬ፤ 8 ብዬ ጻፍሁና ወደ ጋዜጣዬ ተመለስሁ። ልብስ ሰፊው ደብተሬን አይተው ቀስ ብለው «ልጄ፤ ለምንድር ነው የሚገለበጠው? ደግሞስ ማካፈል ማሳነስ አይደለም ወይ? 6ን አካፍለን እንዴት 8 ወጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም ዓይኔን ከጋዜጣው ሳላነሣ «ሕጉ ነው ጋሼ፤ ዝም ብለው ይገልብጡት» አልኋቸው። ሁለቱ ወጣቶች ሰምተው ሳቁ። እርሳቸውም ምንም አልመለሱም፤ ደብተራቸውን ዘግተው አንገታቸውን ደፉ። በማግስቱ ቦታቸው ባዶ ነበር። በሣልስቱም እንዲሁ። ሳምንቱ አለፈ፤ አልመጡም።

እውነቱን ለመናገር፤ በመጀመሪያው ቀን ክንዴን የምዘረጋበት ስፍራ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ቢሄዱም ጥያቄያቸው ከእኔ ጋር ቀረ። አንድ ሌሊት ከመኝታዬ ተነሥቼ መብራት አበራሁና ወረቀትና እርሳስ ይዤ «ለምን ይገለበጣል?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ስጽፍ ስሰርዝ አመሸሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስገለብጥ ኖሬ ለምን እንደምገለብጥ አላውቅም ኖሯል! ያን ጊዜ ኀፍረቴ እጥፍ ሆነብኝ። አንደኛው አለማወቄ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እኔ ራሴ በማላውቀው ነገር አንድ ለመማር የመጡ ሽማግሌን ከትምህርት ማባረሬ ነው።

በነጋው ከሥራ ስወጣ ጠይቄ የሚሠሩበትን ቦታ አገኘሁት። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አኑረው ይሰፉ ነበር። «ጋሼ፤ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ያላገጥሁብዎ እኔም መልሱን ሳላውቀው ነው» አልኋቸው። እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አንሥተው ጥቂት ተመለከቱኝና በርጩማ አቀረቡልኝ። ከዚያም «ታዲያ ያን ቀን ይህን ብትለኝ ኖሮ አብረን እንፈልገው አልነበረም?» አሉኝ። ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ከበደችኝ።

ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ በፊታቸው የተጠቀለለውን ጨርቅ አየሁና «ጋሼ፤ ስድስት ሜትር ጨርቅ ቢኖርዎ፤ አንዱ የልጅ ሸሚዝ ደግሞ ሦስት ሩብ ሜትር ቢፈጅ፤ ስንት ሸሚዝ ይወጣዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወረቀት ሳይነኩ «ስምንት» አሉ። «እንዴት አወቁት?» ብላቸው፤ በመገረም አይተውኝ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ «አንዱ ሜትር አራት ሩብ አለው። ስድስቱ ሜትር ሃያ አራት ሩብ ነው። አንዱ ሸሚዝ ሦስት ሩብ ይበላል። ሃያ አራቱን ሦስት ሦስት አድርገህ ስትመድበው ስምንት ነዋ!»

ወዳጆቼ ሆይ፤ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደርቄ ቀረሁ። ልብስ ሰፊው ያደረጉት ምን እንደ ሆነ ልብ በሉ። 6ን በ4 አባዙት፤ የተገኘውን ለ3 አካፈሉት። ይህም ማለት ሦስት አራተኛን ገልብጠው አባዙት ማለት ነው። እኔ «ሕጉ ነው» ብዬ ያለፍሁት ነገር፤ በእርሳቸው መቀስ ሥር በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነበር። በአራት የምናባዛው ሜትሩን ወደ ሩብ ለመመንዘር ነው፤ ለሦስት የምናካፍለው ሩቦቹን በየሸሚዙ ለመመደብ ነው። ስድስት ተካፍሎ ስምንት የመሆኑም ምሥጢር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ስምንቱ ሸሚዝ ነው እንጂ ሜትር አይደለምና፤ አንዱም ሸሚዝ ከአንድ ሜትር ያነሰ ጨርቅ ስለሚፈጅ የሸሚዙ ቍጥር ከሜትሩ ቢበዛ አያስገርምም።

ይህን በወረቀት ላይ ጽፌ ባሳየኋቸው ጊዜ እርሳቸውም በጣም ተደሰቱ፤ በእጃቸው የነበረው ዕውቀት በጽሕፈት ምን እንደሚመስል አይተዋልና። ወደ ክፍሉ ተመለሱ፤ እኔም ጋዜጣዬን አጠፍሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኔ ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ስንቸገር አስተማሪውን እንጠራለን። ትምህርቱን ሁለታችንም ፈጸምን። እርሳቸው የገቢና የወጪ መዝገባቸውን በራሳቸው እጅ ለመያዝ በቁ። እኔም ብቻዬን ተቀምጬ ብማር ኖሮ ከማገኘው እጅግ የበለጠ ትምህርት አገኘሁ።

አድማጮቼ፤ ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን እንመልከት። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ብዙ ነው። ስለዚህ ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ሕፃን በስንደዶ እያመለከተ ያሳየዋል። ይህ ለየኔታ ዕረፍት ብቻ የተሠራ ሥርዓት አይመስለኝም። ፊደል የሚያስቆጥር ልጅ ሀሌታውን ሀ፤ ሐመሩን ሐ፤ ብዙኃኑን ኀ እያለ ለሌላው ሲለይ፤ ራሱም እንደገና ይለያቸዋል።

ቅኔ ቤትም ብንሄድ ይህንኑ እናገኛለን። በዋድላ፤ በጎንጅና በዋሸራ ስም በሚጠሩት የቅኔ ቤቶች የሚማር ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ሦስት ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚ በዝኁን ያልፋል፤ እያለ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ጀማሪው የቈጠረውን ቅኔ የሚነግረው ለመምህሩ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ቀድሞ ለሄደው ተማሪ፤ ለአስነጋሪው ጭምር ነው። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው። ነገር ግን የጀማሪው ቅኔ የተሰበረበትን ስፍራ ለይቶ መናገር አለበት፤ ልኩ ጐድሎ ነውን? አገባቡ ተዛንፎ ነውን? ወይስ ሰሙና ወርቁ አልገጥም ብሎ ነው? ደኅና ቅኔ ሲሰሙ መደሰት ለማንም ቀላል ነው፤ የተሰበረው ለምን እንደ ተሰበረ ለመናገር ግን ሙያውን ከሥሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአስነጋሪው የጀማሪው ስሕተት ራሱ መጽሐፍ ይሆነዋል።

በሌላ አገርም ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ያዋሉ ነበሩ። አንድሩ ቤል የሚባል የስኮትላንድ ሰው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የአንድ የወላጅ አልባ ልጆች ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆነ። በዚያ አገር ልጆች ፊደልን በአሸዋ ላይ በጣታቸው እየጻፉ ሲማሩ አይቶ፤ በራሱ ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቹን በዚሁ ዓይነት እንዲያስተምሩ አደረገ። በ1798 ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር የተባለ እንግሊዛዊ በለንደን ከተማ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ተመሳሳይ ሥርዓት ዘረጋ። በዚህ ዓይነት አንድ አስተማሪ በመቶ የሚቈጠሩ ልጆችን ይመራ ነበር። ሥርዓቱ በብዙ አገር ተስፋፋ። ነገር ግን ዋናው ዓላማ ወጪን መቀነስ እየሆነ በሄደ ቍጥር፤ አለቃ የተባለው ልጅ ሳይገባው የሰማውን ያስተጋባ ጀመር፤ ታናሹም ሳይገባው ይደግም ጀመር፤ ሥርዓቱም ቀስ በቀስ ቀረ። ይህም የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ጥቅሙ የሚገኘው ከማስተጋባት ሳይሆን ከመጠየቅና ከማስረዳት ነው።

በቅርብ ዘመን የተደረገው ምርምርም ይህንኑ ያጸናል። በአሜሪካ አገር በ1990 ኤሊዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍላ ነበር። አንደኛው ወገን ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ዜማ በልቡ እያዜመ ምቱን ብቻ በጣቱ በጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ ሌላው ወገን ያን ምት ሰምቶ ዜማው የትኛው እንደ ሆነ ይናገራል። የሚመቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዜማ እንደሚታወቅላቸው ገምተው ነበር። ነገር ግን ከተመቱት 120 ዜማዎች የታወቁት 3 ብቻ ሆኑ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚመታው ሰው ዜማው በጆሮው ውስጥ ስለሚሰማው ለሌላውም የሚሰማ ይመስለዋል። «ሕጉ ነው ጋሼ» ባልሁ ጊዜ እኔም እንደዚያው ጠረጴዛ እየመታሁ ነበር።

በ2002 ደግሞ ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ኪይል የተባሉ ሁለት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፤ ሰዎች በየቀኑ የሚያዩአቸውን ዕቃዎች አሠራር ምን ያህል እንደሚያውቁ ጠየቋቸው። ከእነዚህም መካከል የበር ቍልፍ፤ የልብስ ዚፕና የስፌት መኪና ይገኙባቸዋል። ሰዎቹ በመጀመሪያ እናውቃለን አሉ። «እንግዲያስ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አስረዱ» በተባሉ ጊዜ ግን ማስረዳቱ አቃታቸውና ለራሳቸው የሰጡትን ግምት ዝቅ አደረጉት። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ፈተና ለአንተ በየቀኑ ያለ ክፍያ የሚሰጥህ ማን ነው? ከአጠገብህ ተቀምጦ «ይህ እንዴት ነው?» የሚልህ ጀማሪ አይደለምን?

በ2014 የታተመ የጆን ኔስቶይኮና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ «በኋላ ትፈተናላችሁ»፤ ለሌሎቹ «በኋላ ለሌላ ሰው ታስተምራላችሁ» ተባለ። በመጨረሻ ግን ያስተማረ አልነበረም፤ ሁሉም ተፈተኑ። እናስተምራለን ብለው ያነበቡት ብዙ ነገር አስታወሱ፤ ያስታወሱትንም በተሻለ ሥርዓት አቀረቡት። እንግዲህ ለሌላ ሰው አደርሰዋለሁ ብሎ ማሰብ ብቻ የማንበብን ጠባይ ይለውጣል። አስቀድሞም በ1982 ሦስት ተመራማሪዎች ተማሪ ተማሪን ስለሚያስጠናበት ሥርዓት የተደረጉ 65 ጥናቶችን ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፤ የተጠቀመው የሚጠናው ልጅ ብቻ ሳይሆን አስጠኚው ልጅም ጭምር መሆኑን አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። የጎረቤቴ ሥጋት ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም። ጐበዝ ልጅ የአስተማሪው ደመወዝ የሌለው ረዳት ሆኖ መቅረት የለበትም። እርሱም ደግሞ የሚከተለው ሰው፤ የሚከብደው ትምህርት፤ ብቻውን የሚያነብበት ሰዓት ያስፈልገዋል። አስነጋሪው ጀማሪውን ከሰማ በኋላ ወደ መምህሩ ጉባኤ ይሄዳል፤ ከፊቱ ማንም የሌለው ሰው ዘወትር ወደ ኋላው ብቻ ቢመለከት ይታበያል እንጂ አያድግም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ከአንተ በኋላ ከጀመረ ሰው ጋር ለመማር ዕድል ባገኘህ ጊዜ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ልብ እንድትላቸው እለምንሃለሁ።

አንደኛ፤ ሥራውን አንተ አትሥራለት። እርሳሱን ከእጁ የወሰድህበት እንደ ሆነ እርሱ አይማርም፤ አንተም የምታውቀውን ደገምህ እንጂ አዲስ ነገር አላገኘህም።

ሁለተኛ፤ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅህ «እንዲያው ነው» ብለህ አትለፈው። መልሱን የማታውቀው እንደ ሆነ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» በል። ይህች ቃል አታዋርድህም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሎ የለምን?

ሦስተኛ፤ የነገርኸውን በራሱ ቃል እንዲመልስልህ ጠይቀው፤ ስትሰማውም ከሥራውና ከኑሮው የሚያመጣውን ምሳሌ አትናቅ። ጀማሪ ማለት በዚያ በአንዱ ትምህርት ጀማሪ ማለት ነው እንጂ በሁሉ ነገር ባዶ ማለት አይደለም። እኔ በክፍልፋይ ቀዳሚ ነኝ ስል፤ ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመቀስ ሲያካፍሉ ኖረዋል።

አራተኛ፤ ከሁሉ በላይ፤ አትሣቅበት። ከሣቅህበት ጥያቄው ይቀርብሃል፤ ሰውየውም ይቀርብሃል። እኔ ያን ሽማግሌ ፈልጌ ያገኘኋቸው በዕድል ነው፤ ከሌላ ክፍል፤ ከሌላ ወንበር እንዲሁ ደብተሩን ዘግቶ የወጣው ስንት ይሆን?

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ትናንት ማታ ያን ንጹሕ ወረቀት ይዤ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ይህን ሁሉ ንግግር አላበዛሁበትም፤ ልጁን እንዲጠራልኝ ብቻ ለመንሁት። ልጁ መጥቶ በትሕትና እጅ ነሣኝና ቆመ። «በዚህ ሳምንት ለባልንጀራህ ምን አስረዳኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁም «ጋሼ፤ ምድር በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ በራሷ ላይ እንደምትዞር ነገርሁት። እርሱ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝና መልስ አጣሁለት» አለ። «ምን ብሎ ጠየቀህ?» አልሁት። «ምድር የምትዞር ከሆነች፤ ወደ ላይ ስዘልል ከሥሬ ሄዳ ለምን ሌላ ቦታ አላርፍም?» አለኝ ብሎ መለሰ።

አድማጮቼ፤ ይህን ጥያቄ እስቲ አስቡት! ምድር በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። የጎረቤቴ ልጅ ስለ ምድር መዞር በፈተና ጊዜ ሙሉ ማርክ አግኝቷል፤ ይህን ግን ጠይቆ አያውቅም። ከገጠር የመጣው ልጅ ግን የተነገረውን አምኖ ዝም አላለም፤ በገዛ እግሩ ሊፈትነው ፈለገ።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልሁት። «አስተማሪያችንን አብረን ጠየቅነው። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ሳንቲም ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ብትወረውሩ የት ይወድቃል ብሎ መልሶ ጠየቀን» አለ። ከዚህ ላይ አባቱ ከመቀመጫው ቀና አለና «የት ይወድቃል? እዚያው እጅህ ላይ ነዋ! እኔ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ስሄድ አይቼዋለሁ!» አለ። ልጁም ፊቱ በርቶ «አዎ፤ አባባ! ሳንቲሙም አውቶቡሱም እኛም አብረን ስለምንሄድ ነው። ምድርም እንደዚሁ ናት፤ ስንዘልል እኛም አብረናት እየሄድን ነው» አለው። አባትየው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አውቶቡሱ በድንገት ፍሬን የያዘ እንደ ሆነስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ መልስ ለመስጠት አፉን ከፍቶ እንደገና ዘጋው። «ይህን ደግሞ ነገ ለባልንጀራዬ እነግረዋለሁ፤ አብረን እናስበዋለን» አለ።

ጎረቤቴ ያን ወረቀት ከእጄ ተቀብሎ አጠፈና ወደ ኪሱ መለሰው። ሙሉ በሙሉ አመነልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። «እንግዲያው እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፈተና ልጠብቅ» ብቻ አለኝ። ለእኔ ይህም ይበቃኛል። ማመልከቻው አልተጻፈም፤ ሁለቱ ልጆችም ነገ ጧት ባንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

እናንተም በየቤታችሁ ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ «ምን ተማርህ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉአቸው፤ «እስቲ ለእኔ አስረዳኝ» በሏቸው። ከአጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ምን ብሎ እንደ ጠየቃቸውም ጠይቋቸው።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።